የሞተር ቅኝትና የአባቴ መቋሚያ

ቤንዚን አብዝቶ የሚጠጣ ሞተር ገና ከሩቅ ይሸተኛል። ጆሮዬ እየከዳኝ ነው፤ የግራው ከሞላ ጎደል ሄዷል፣ የቀኙም ሊከተለው ተነሥቷል፤ አፍንጫዬ ግን አላረጀም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከጋራዤ ደጃፍ በርጩማ አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅ፣ ከቅዳሜ ገበያ በታች ካለው ጠመዝማዛ በኩል ያ ሽታ መጣ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጋለ ዘይት ጋር። ዛሬ በላሊበላ መንገድ የሚመላለሰው ባጃጅ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖችም ቢሆኑ የሚጠጡትን ልክ በኮምፒውተር ያውቃሉ፤ በዚህ በኩል ከብዙ ሰው ይሻላሉ። እንዲህ ያለ ሽታ ከሸተተኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁ። ጥቂት ቆይቶ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር እየሳለ ዳገቱን ወጥቶ ከፊቴ ቆመ።

የወረደው ጎልማሳ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። መኪናውን ከአጎቱ ወርሶ ወደ ወልድያ ሊወስደው መሆኑን፣ ያየው መካኒክ ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ መልሶ እንደዘጋው ነገረኝ። «አባቴ፣ ካርቡሬተር የሚያውቅ ሰው አሁንም አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለ። «አሁንም አለ» የሚባለው መቼም ለምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልተቀየምኩትም። እንግዳ ከጠፋ፣ ሆቴሎቹም መስኮታቸውን ከዘጉ ወዲህ የኔን ደጃፍ የሚረግጥ ሰው ጥቂት ነው። ልጆቼ ርቀው በስልክ ብቻ ናቸው፤ እናታቸው ካረፈች አራተኛ ዓመቷ ነው። ካቻቢቴዬን ልፈልግ ወደ ውስጥ ስገባ፣ ጥግ ላይ የቆመውን የአባቴን መቋሚያ አየሁት። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ግን በየቀኑ ማየት ሁሉ ማየት አይደለም። አንገቱ ላይ ያለው ጥቁር የጣት ዱካ ሳይቀር ታየኝ። ከዚያ በኋላ እጄ ብቻ ነው ከላንድሮቨሩ ጋር የነበረው።

አባቴ በብልባላ በኩል ባለች አንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ያስተምራሉ፤ እኔም ልጃቸውም ተማሪያቸውም ነበርኩ። ቤት ውስጥ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ ከትምህርቱ ቦታ ደግሞ እንደማንኛውም ተማሪ «የኔታ»። ሁለቱን ያደባለቅሁ ቀን ይቆጡኛል። ሲያስተምሩ ቁጭ ብለው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙታል። ተማሪ ሲስት ቃል አይናገሩም፤ መቋሚያውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል። ተማሪው ከሳተበት ቦታ ይመለሳል። ደግሞ ከሳተ ደግሞ ጠቅ ጠቅ። ሲያቀና ግን «ይበል» የለ፣ «ጎበዝ» የለ፤ መቋሚያው ዝም ይላል፣ አለቀ። በሌላው ደብር ያሉ ተማሪዎች ምርቃት ይጠግባሉ ሲባል እንሰማለን፤ የኛ ምርቃት ያ ዝምታ ነበር። ቆሎአችንን ስንቆረጥም እርስ በርሳችን «ዛሬ መቋሚያው ዝም አለልህ ወይ?» እንባባላለን። ለእኔ ብዙ ጊዜ ዝም አይልልኝም። ልጃቸው ስለሆንኩ ይሆናል፤ ወይም እውነትም ችኩል ስለነበርኩ። ዜማው ከሚወድቅበት ቦታ ቀድሜ የምወድቅ ሰው ነበርኩ። በዚያ ዘመን ከዓለም ሁሉ የምፈልገው አንድ ነገር ምን ነበር ብትሉኝ፣ ያ መቋሚያ አንድ ሙሉ ቀን ዝም እንዲልልኝ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው፤ እስካሁን አልቆረጠልኝም። ይምርሐነ ክርስቶስን ለመሳለም የሚሄዱ እንግዶች የጫነ ላንድሮቨር ከብልባላ ወዲያ ካለው ዳገት ላይ ቆመ። ያኔ መኪና በኛ በኩል በወር አንዴ ብትታይ ነው፤ አገሩ ሁሉ ከበበው፤ እኔም ድጓዬን በብብቴ ሸጉጬ ቆምኩ። ሹፌሩ ራሳቸው መካኒክ ነበሩ፤ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፤ የደሴ ሰው ናቸው፣ ላሊበላ ላይ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ሞተሩን ያስነሡታል፣ ያዳምጡታል፣ ያጠፉታል። ሳላስበው አፌ አመለጠኝና «አራት ሆነው ነው የሚያዜሙ፤ ሦስቱ ይላሉ፣ አንዱ ዝም ብሏል» አልኩ። ሰው ሳቀብኝ። ጋሽ እንድሪስ ግን አልሳቁም። እሳት የሚጭሩትን አራቱን ካንዴላዎች አንድ በአንድ እየፈቱ በፀሐይ አዩአቸው፤ ሦስተኛው ጥላሸት ለብሶ፣ ቤንዚን ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ጠርገው መለሱትና ሞተሩ ተነሣ። ሊሄዱ ሲሉ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ጆሮውን አላህ ሰጥቶሃል። እጁን እኔ እሰጥሃለሁ፤ ላሊበላ ስትመጣ ጠይቀኝ» አሉኝ።

በሳምንቱ ሄድኩ። ለአባቴ የነገርኳቸው በሩ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬን አጥልቄ ነው። አልጮኹም። «ጆሮህን እኔ አስተማርኩት። ለብረት ልትሰጠው ነው?» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ይህ ዝምታ ያኛው ዝምታ አልነበረም፤ ልዩነቱን ተማሪ ያውቀዋል። መንደሩ ደግሞ በፊናው «የመሪጌታው ልጅ ቀጥቃጭ ሆነ» ብሎ አወራ። በኛ አገር ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው ቡዳ ነው እንላለን፤ ማረሻውን እንወደዋለን፣ እጁን እንፈራዋለን። በመጀመሪያው ዓመት ለበዓል ወደ ቤት ተመልሼ፣ ቅኔ ማህሌት ገብቼ እንደ ወትሮዬ ጸናጽል አነሣሁ። ከመምጣቴ በፊት እጄን በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ አሽቼ ነበር። አባቴ ሳይዞሩ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እጅህ ቤንዚን ይሸታል» አሉኝ። ጸናጽሉን ከነበረበት አስቀምጬ ወደ ኋላ፣ ከሕዝቡ መሐል ሄጄ ቆምኩ። አልቅሼ ነበር፤ አሁን ብናገረው ማን ይስቅብኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸናጽል አልነካሁም፣ ዜማም ከአፌ አልወጣም።

የጋሽ እንድሪስ ጋራዥ ዛሬ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ኮንቴይነር ያለበት ቦታ ላይ ነበር፤ አራት ባሕር ዛፍ ምሰሶና ስድስት ቆርቆሮ። ጎኑ ያለችው ሻይ ቤት ብርጭቆ ሻይ በሥሙኒ ትሸጣለች፤ ባለቤቷ ስኳሩን በአይኗ ነው የምትሰፍረው፣ ደስ ላላት ሰው ሁለት ማንኪያ። ቤንዚን ከወልድያ በበርሜል ይመጣል። ከደሴ የመጣች ሰማያዊ ቱታ ነበረችኝ፤ ክርኗን ሦስት ጊዜ ጥፌባታለሁ፤ ከታች በረባሶ። እሑድ እሑድ በዚያች ቱታ አደባባይ ስወጣ ሚኒስትር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሲሠሩ መንዙማ ያንጎራጉራሉ፤ ሞተሩ ልክ ሲመጣ ማንጎራጎሩን አቁመው «አብሽር»፣ አይዞህ፣ ይሉታል፤ ሞተሩን ነው የሚሉት። የላሊበላ አየር ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ መኪና የለመደውን ቤንዚን ሲጠጣ እዚህ ላይ ይሰክራል። ስለዚህ ቤንዚኑን ከአየር በሚያደባልቀው በካርቡሬተሩ በኩል ትቀንስለታለህ፤ እሳቱን ደግሞ ጥቂት ታስቀድምለታለህ። እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ፣ ዲስትሪቢዩተሩን፣ ማሰሪያውን አላልተህ የፀጉር ያህል ታዞረዋለህ፤ የፀጉር ያህል ብቻ። እሳቱ ዘግይቶ ከመጣ ሞተሩ ይለግማል፤ ቀድሞ ከመጣ ራሱን በራሱ ይመታል። ይህን ሁሉ ነግረውኛል። የሰማሁት ግን የወደድኩትን ብቻ ነው፤ የተማሪ ጆሮ እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጋሽ እንድሪስ ዒድን ከቤተሰባቸው ጋር ሊያሳልፉ ደሴ ወረዱ። ጋራዡን ለእኔ ተዉልኝ። ባልጠፋ ቀን በዚያው ሳምንት ውበቱ የሚባል ሹፌር ሌላ ላንድሮቨር ይዞ መጣ፤ ዳገት ላይ ጉልበት አጣብኝ፣ ነገ ሰው ጭኜ ወልድያ እወርዳለሁ አለ። «ጋሽ እንድሪስን ጠብቅ» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ብቻዬን የምቃኘው የመጀመሪያ ሞተር ከእግዜር የተላከልኝ መሰለኝ። ጠዋት ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ መኪናው ባዶውን ቆሟል። ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ፊት ባዞርኩት ቁጥር ድምፁ እየጠራ፣ እየቀለለ መጣ፤ ደግሜ አዞርኩት። የፀጉር ያህል የተባለውን የገመድ ያህል አደረግሁት። አራቱም እኩል ሲሉ ሰማሁና ራሴን በራሴ «ይበል» አልኩት።

በማግስቱ ውበቱ የሚጭነው ሰው ማን እንደሆነ አወቅሁ። አባቴ በአንድ ጎረቤታችን ቄስ እየተመሩ መጡ። ዓይናቸውን ሞራ ይዞት ነበር፤ ወልድያ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል ተብሎ ነው የሚሄዱት። መኪና ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ጎረቤትየው ማሳ ስላለባቸው መመለስ አለባቸው፤ አብሯቸው የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁሉም ወደ እኔ አየ። «እንደምን አደሩ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ውበቱ «ሞተሩን ትናንት ያቀናው እሱ ነው» አላቸው። ከፊት ወንበር ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ። እኔ ከኋላ፣ ከነቱታዬ፣ ቁልፎቼን በጆንያ ቋጥሬ ተቀመጥኩ። ጀርባቸውን እያየሁ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሞተር ይስሙት፤ የብረት ልጅ ምን እንደሠራ ይስሙት።

ከላሊበላ ቁልቁል እስከ ሜዳው፣ የዛሬው አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ድረስ፣ መኪናው እንደ ውሃ ወረደ። ለመውረድ ግን ማንም ይወርዳል። ሜዳው ይሞቃል፤ አየሩ ይወፍራል። መስኮቱን ከፍተን ተሻገርነውና ወደ ጋሸና የሚያወጣውን ዳገት ጀመርን፤ አምስት ሰው፣ ሦስት ጆንያ ጤፍ፣ ሁለት በግ ተጭነናል። ውበቱ ነዳጁን ሲረግጠው ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ የሚመስል ድምፅ ተነሣ። አልሰማሁም ለማለት ሞከርኩ። ያን ጊዜ ነው ከፊት፣ ከመኪናው ወለል ላሜራ ላይ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር የሰማሁት። ጥቂት ወጣን፤ ጠጠሩ ባሰ፤ መቋሚያው ደግሞ ጠቅ ጠቅ። ራዲያተሩ ፈላና ቆምን። ሰዎቹ ወርደው ጥላ ፈለጉ። እኔ ውሃ አምጥቼ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ሞላሁት፤ ተነሣን፤ መቶ እርምጃ ሳንሄድ ያው ጠጠር፣ ያው መቋሚያ።

ስንቆም አባቴ «ፈንታው» አሉ። ስሜን ከአፋቸው ከሰማሁ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

«አቤት፣ የኔታ» አልኩ። ለምን «አባባ» እንዳላልኩ አላውቅም። እሳቸውም አልተቆጡም።

«ይህ ነገርህ ቸኩሏል። ከሚወድቅበት ቀድሞ ይወድቃል።»

«ውሃ አንሶት ነው» አልኩ። ውሃ እንዳላነሰው እያወቅሁ ነው።

«የውሃውን አላውቅም። ቸኩሏል። ትናንት ያቀናኸው ቁሞ ሳለ ነው?»

«አዎን፣ ቁሞ።»

«ቁጭ ብሎ ያጠና ሰው ተነሥቶ ሲዘምም ይጠፋዋል፤ ስንት ጊዜ ነግሬህ ነበር። በሸክም ስማው።»

ኮፈኑን ከፈትኩት። ብረቱ ስለጋለ ክርኔ ላይ አቃጠለኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ኋላ መለስኩት። ውበቱ ዳገቱን ጥቂት ነዳው፤ እኔ ከጎን እየሮጥኩ አዳመጥኩ። ጠጠሩ ቀንሷል፤ ከወለሉ ግን ጠቅ ጠቅ። አቆምነው፣ ደግሜ መለስኩት። ደግሞ ነዳው፤ ጠቅ ጠቅ፣ ይህኛው ግን ቀስ ያለ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ የፀጉር ያህል፣ እውነተኛ የፀጉር ያህል፣ አዞርኩና አሰርኩት፤ ተሳፈርኩ። ውበቱ ማርሽ ቀይሮ ሙሉ ረገጠው። መኪናው ተጭኖ፣ ከብዶት፣ ግን በልኩ እያለ ወጣ። መቋሚያውን ጠበቅሁ። አንድ ጠመዝማዛ አለፍን። ሁለተኛውን አለፍን። በጎቹ እንኳ ዝም ብለው ነበር። ጋሸና እስክንደርስ ያ መቋሚያ ወለሉን አልነካም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ አቧራው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ጋሸና ላይ ብርዱ እንደተለመደው አጥንት ይገባል። አባቴ ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ በእጃቸው መቋሚያው አለ። ተቀብዬ እንድይዝላቸው ነው። «የኔታ፣ እጄ ዘይት ነው» አልኩ። «ያዝ» አሉ። ያዝኩት። አንገቱ ላይ አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ጠቆረ፤ ያው ዛሬም ያለው ጥቁረት ነው። ከዚያ «ጋቢዬን አቀብለኝ፣ ይበርዳል» አሉ። ጋሽ እንድሪስ ከዒድ ሲመለሱ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና «ወላሂ፣ እኔ ያቃተኝን መሪጌታው አስተማሩህ። ለሳቸውም ጋራዥ እንክፈትላቸው» አሉ። ሞተርን በሸክም ሳልሰማ የለቀቅሁበት ቀን ከዚያ ወዲህ የለም።

አባቴ በአንዱ ዓይናቸው ማየት ቻሉ፤ ከዚያም ጥቂት ዓመት ኖሩ። ለበዓል ቤት ስሄድ እናወራለን፤ ስለ አዝመራ፣ ስለ ዝናብ። ቅኔ ማህሌት በር ላይ ሲደርሱ ግን እሳቸው ይገባሉ፣ እኔ ከውጭ እቀራለሁ። አንድ ቀን «ና፣ ግባ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ደግሞ መቋሚያዬን በዘይት እጁ አስይዤዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበለው፣ አንድ ቀን ራሱ ይገባል ብለው ጠብቀው ይሆናል። ሁለታችንም ግትር ነበርን፤ እንዲህ ስንጠባበቅ ነሐሴ መጣና ወሰዳቸው። ከቀብሩ በኋላ ያ ጎረቤታችን ቄስ መቋሚያውን አመጡልኝ፤ «ለፈንታው ይሰጥ ብለዋል» አሉኝ። ዘይቱን ማንም አልጠረገውም ነበር።

የማክሰኞውን ላንድሮቨር ስጨርስ ፀሐዩ ተዘቅዝቆ ነበር። ባለቤቱን «ጫን፣ ዳገት እንውጣ» አልኩት። ገረመው፤ ግን ከጋራዤ ሁለት አሮጌ ሞተር ብረት ጫነ። ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ፣ መቋሚያውን ይዤ፣ በጉልበቴ መሐል አቆምኩት። ዳገቱን ስንወጣ የቀኝ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አዘነበልኩ። ይላል። አራቱ እኩል ይላሉ፣ ወይም ሦስቱ ብቻ ይላሉ፤ ጠጠሩ የለም፣ ወይም አለና ለኔ አይደርሰኝም። መቋሚያው ወለሉን አልነካም። የማይነካውም በእኔ እጅ ስላለ ነው፤ የሚመታው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አልሰማም። ጎልማሳው «እንዴት ነው፣ አባቴ?» አለኝ። በአፍንጫዬ አጣራሁ፤ የቤንዚኑ ሽታ ጠፍቷል። «ደኅና ነው» አልኩት። «ቆላ ስትደርስ ግን ዳገት ላይ አዳምጠው፤ ጠጠር ከሰማህ አትንዳው፣ ደውልልኝ።» ስልኬን መዝግቦ፣ አመስግኖ ሄደ። ሽታ እንኳ አልተወም።

ወደ ውስጥ ገብቼ መብራቱን አበራሁ። ቁልፎቹ በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል። ያን ዝምታ አንድ ቀን ለማግኘት ወጣትነቴን ሁሉ ለፍቻለሁ፤ አሁን ቤቱ በሱ ተሞልቷል፤ ግን ይበል የሚል ዝምታ አይደለም፣ ሰው የሌለበት ዝምታ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ አሁን የናፈቀኝ መመስገኑ አይደለም፤ ስስት ጠቅ ጠቅ የሚያደርግብኝ ሰው ነው። መቋሚያውን በጥቁሩ ቦታ ላይ፣ አውራ ጣቴን በአውራ ጣቴ ዱካ ላይ አድርጌ ያዝኩትና ወለሉን ሁለት ጊዜ መታሁት። በሚሻለው ጆሮዬ ሰማሁት። ተማሪ መቋሚያው ሲመታበት ከሳተበት ቦታ ይመለሳል። እኔ የት ላይ እንደሳትኩ ስለማላውቅ፣ አባቴ መጀመሪያ ያስጠኑኝን ዜማ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።